ሠሪዋ ያልታወቀች እንስራ

ንፋስ መውጫ በአስተማሪነት ስመደብ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከደብረ ታቦር በእግርም በበቅሎም ሁለት ቀን ተኩል ተጉዤ፣ አንድ ሙሉ ልብስ፣ ሁለት ሸሚዝና በኬሻ የታሰሩ መጻሕፍት ይዤ ነው የገባሁት። ዘመኑ የንጉሡ ነበር። ትምህርት ቤቱ አራት የመማሪያ ክፍል፣ አንዲት የዕቃ ማስቀመጫና አንድ የባንዲራ እንጨት ነበረው። ከዋና አስተማሪው ጋር አምስት መምህራን ነበርን። አራተኛ ክፍልን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት አንዲት ተማሪዬ ላይ ያደረስኩትን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴም አታውቀውም። ልጆቼ ስለ መምህርነት ዘመኔ ሲጠይቁኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቁንጫው፣ ስለ ተሰባበረው ወንበር እያጫወትኩ ይህን እዘለዋለሁ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል። መዝለሉም ሰልችቶኛል።

የታሪክ ክፍሉን ሐሳብ ያመጡት ዋና አስተማሪው ናቸው። ክረምት ላይ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው ቤተ መዘክር የሚባል ቤት አይተው ተመለሱ። "የጥንቱ ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ተደርድሮ፣ ሕዝቡ እየዞረ ያየዋል" አሉን በመስከረም ስብሰባ ላይ። "እኛስ ምን አጣን? በዚህ አገር ጋሻና ጦር በየግድግዳው ጭስ እየጠጣ ተሰቅሎ የለም? ልጆቹ የአገራቸውን ታሪክ በዓይናቸው ይዩት።" የዕቃ ማስቀመጫዋ እንድትለቀቅ፣ ለዘውድ በዓል እንድትከፈት፣ የመጣ ሁሉ ምንም ሳይከፍል እንዲያይ ተወሰነ። ዕቃ የመሰብሰቡን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ወጣት ስለ ነበርኩ ብቻ አይደለም፤ እኔም እጄን አውጥቼ ነበር። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ስለ አገር ቅርስ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ስለ ነበር ከሁሉም በላይ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው እንዳሰብኩት አልቀለለም። ገበሬው የመንግሥት ሰው ዕቃውን ሲጠይቀው ይጠረጥራል። አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን ጋሻ ከግድግዳ አውርደው እያገላበጡ፣ "መዝገብ ላይ ሊጻፍ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም አባቴ፤ ልጆች እንዲያዩት ነው።"

"ልጆች ጋሻ አይተው ምን ሊያደርጉ?"

"ታሪክ እንዲማሩ።"

"ኧረ ተው" አሉና ሳቁ። ግን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ለገበያ በመጡ ቁጥር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው፣ ጋሻቸው በሕይወት መኖሩን ጠይቀው ይመለሱ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ጦር፣ አንድ የበቅሎ ኮርቻ ከነእርካቡ፣ አፏ የተሸረፈ የእንጨት ዋንጫ፣ ከአንድ ደብር ቄስ በአደራ የተገኘ የብራና ቅጠል፣ ሚዛንና አሞሌ ጨው አገኘን።

አሁን ስለ ልጅቱ ልናገር። በክፍሌ ከነበሩት ሦስት ሴቶች አንዷ ናት። ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት ይሆናታል። መዝገቡ የስማዳ ገበሬ ልጅ ናት ይላል። ከተማው ውስጥ አንዲት ጠላ የሚሸጡ ባልቴት ዘንድ ታድራለች፤ ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ጌሾ ትወቅጥላቸዋለች፣ እሳቸውም ያበሏታል። ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ጽሕፈቷ እንደ ቁም ጸሐፊ የተስተካከለ ነው። ስትስቅ አፏን በቀኝ እጇ ትሸፍናለች። ስለ ቤቷ አትናገርም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አስተማሪ ጎበዝ ተማሪውን ከሰማይ የወረደለት ይመስለዋል።

ጥቅምት እንደ ገባ የዋና አስተማሪውን በቅሎ ተውሼ አርብ ገበያ ወረድኩ። ታች ጋይንት ሩቅ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ግን ገበያው ትልቅ ስለ ሆነ አንድ ነገር አላጣም ብዬ ነው። አርብ ረፋዱ ላይ እህል ተራውን፣ ጨው ተራውን ዞሬ፣ ከሁሉም ርቆ ገደሉ ጫፍ ላይ ወዳለው ሸክላ ተራ ደረስኩ። ሸክላ ሠሪዎች ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰው ከእነሱ ይገዛል እንጂ አጠገባቸው አይቀመጥም፤ ልጅ አዝሎ የመጣ እንደ ሆነ የልጁን ፊት ሸፍኖ ያልፋል። በዓይናቸው ይበላሉ፣ ቡዳ ናቸው ይባላል። እኔ ይህን አላምንም ነበር። የተማርኩ ነኝ።

አንዲት ሴት ድስቶቿን በገለባ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች።

"ድሮ የተሠራ ዕቃ አለሽ?" አልኳት።

በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ጋሻ የሰጡኝን ሽማግሌ አባቴ ብያለሁ፤ እሷን ግን አንቺ አልኳት። አፌ ሳያማክረኝ ነው የተናገረው። የተማርኩ ነኝ ያልኩት ሰውዬ እንዲህ ነበርኩ።

"ለምንዎ ነው?" አለችኝ።

"ለትምህርት ቤት። ንፋስ መውጫ።"

በእጇ ይዛው የነበረውን ድስት ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ግራ ቀኟን አየች። "እዚያ የአራተኛ ክፍል ሴት ልጅ አለች ሲሉ እሰማለሁ" አለች። "ከጠላ ሻጯ ቤት የምታድረው። ትምህርቱ ይገባታል?"

"እሷማ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ምንሽ ናት?"

"የዘመድ ልጅ ናት።" ይህን ብላ ዝም ልትል ነበር። አልቻለችም። "ከስታለች? ልብሷ ተቀደደባት? በብርዱ ያስላታል ወይ? ባልቴቷ ይቆጧታል?" እኔ ለአንዱ ስመልስ እሷ ሌላውን ትጠይቃለች። መዝገቡን በቃሌ እየተወጣሁ የሒሳብ ውጤቷን ስነግራት ሳቀች፤ ስትስቅም አፏን በቀኝ እጇ ሸፈነች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሷም እንደ ገባኝ አወቀች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

"ጌታዬ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጄ ናት። ንፋስ መውጫ ለቤቴ ከዚህ ይቀርበኛል። ግን እሷን ካስገባኋት ወዲህ ዕቃ ይዤ አንድ ቀን እንኳ አልረገጥኩትም። ሰው እንዳያውቀኝ ብዬ ነው ሸክሜን ይዤ እዚህ ድረስ የምወርደው። አባቷን ገበሬ ብለን አስጻፍን። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗ የታወቀ ቀን አብሯት የሚቀመጥ የለም። አደራዎን።"

"እናቴ ትሙት፣ ከአፌ አይወጣም" አልኳት። ሳልኩላት። ከልቤም ነበር።

በማግስቱ ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ቤቷ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት አራት አምስት ጎጆዎች አንዱ ነው። በገለባ የተጠቀለለች እንስራ አዝላ ቆማለች። አውርዳ ፈታችልኝ። እንደዚያ ያለ እንስራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሁለቱ ጆሮዎቿ ወገቧን እንደ ያዘች ሴት ክንድ የታጠፉ ናቸው፤ አንገቷ ላይ ማተብ የመሰለ ክር ዙሪያውን ተቀርጿል። ጥቁረቷ ያበራል።

"የሠራቻት የእናቴ እናት ናት" አለችኝ። "ሦስት ጊዜ ከቤት ወደ ቤት ስንሰደድ በጀርባ የተሸከምናት ናት። ልጄ በየቀኑ ታያታለች። ለሌላው ሰው ግን ከየት እንደ መጣች አይንገሩ። ይኸው ነው የምለምንዎ።"

ገንዘብ ልስጥሽ አላልኳትም፤ ብላትም አትቀበልም ነበር። ስለ ልጇ የነገርኳት ወሬ ዋጋ መሆኑ ነው መሰለኝ። እንስራዋን ከኮርቻው ጋር አስሬ፣ በቅሎዋን እየሳብኩ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ።

ለበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የዕቃ ማስቀመጫዋን ክፍል ተማሪዎቹ ጠረጉ፤ ወለሉ በእበት ተለቀለቀ፣ ግድግዳው ነጭ አፈር ተቀባ። ዴስኮችን ገጥመን አቡጀዲ አለበስናቸው። በየዕቃው ሥር በቀይ ቀለም ወረቀት ላይ እየጻፍኩ አስቀመጥኩ። ከእንስራዋ ሥር፣ "ጥንታዊ እንስራ፤ ሠሪዋ አልታወቀችም" ብዬ ጻፍኩ። ልጅቱ ወረቀቱን አነበበችው። እንስራዋን እንዳወቀቻት፣ እናቷን ማግኘቴንም እንደ ተረዳች ከአንገቷ አቀማመጥ ያስታውቃል። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዕረፍቱ ወደዚያ ክፍል ገብታ የተጠረገውን ስትጠርግ አገኛት ነበር። እንደዚያ ደስ ያላት ልጅ አላየሁም።

የዘውዱ በዓል ዕለት ባንዲራ ተሰቅሎ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ ክፍሉ ተከፈተ። ከአውራጃው የትምህርት ሹሙ መጥተዋል። የወረዳው ገዢ፣ ካህናት፣ ነጋዴዎችና ለበዓሉ የመጣው ገበሬ ግቢውን ሞልቶታል። ክፍሏ ጠባብ ስለ ሆነች ልጆቹን ዐሥር ዐሥር እያደረግን ነው የምናስገባው። የራሴን ክፍል ልጆች ሳስጎበኝ ሹሙና የወረዳው ገዢም አብረውን ገቡ። በሩ ላይ ሰው ተደራርቦ አንገቱን ያሰግጋል። እኔ ቀጭን ሸምበቆ ይዤ እያመለከትኩ፣ ይህ ጋሻ ነው፣ ይህ አሞሌ ነው፣ እያልኩ አስረዳለሁ። ድምፄ ለራሴ ጥሩ ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

ሹሙ እንስራዋ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አንገቷን በጣታቸው ዳሰሱ። ወረቀቱን አነበቡ።

"ሠሪዋ አልታወቀችም" አሉ፤ ወደ ገዢውም ዞረው ፈገግ አሉ። "ይኸው ነው የእኛ አገር ታሪክ! የጦሩ ባለቤት ይታወቃል፣ የጋሻው ባለቤት ይታወቃል። እንዲህ ያለ ጥበብ የሠራ እጅ ግን አይታወቅም። ወጣቱ መምህር፣ ይህን መርምረው ቢያገኙ ነበር ትልቅ ሥራ የሚሆነው።"

ሰው ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ሰነፍ የተባልኩ መሰለኝ። እውቀቱ በእጄ እያለ፣ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ሆኜ ታየሁ። ከዚያም በላይ ሹሙ የተናገሩት ሁሉ እኔ የማምነው ነበር፤ እንዲያውም እኔ ልናገረው የሚገባኝ ነበር። አደራውን ረስቼው ነበር ብዬ ለዓመታት ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ። አልረሳሁትም። መሐላው ትዝ ብሎኛል። የሴትዮዋ እጅ እንኳ ታይቶኛል። ግን በዚያች ቅጽበት፣ እንዲህ ያሉ የተማሩ ሰው ፊት ከሆነ ምን ችግር አለው፣ እንዲያውም ክብር ነው፣ አልኩ ለራሴ።

"ሠሪዋስ ትታወቃለች ጌታዬ!" አልኩ። ልጅቱ ከሰልፉ ሁለተኛ ላይ ቆማ ነበር። ትከሻዋን ይዤ ወደ ፊት አወጣኋት። "የዚህች ተማሪ ቅድመ አያት ናት። እናቷም እስከ ዛሬ ሸክላ ትሠራለች። ልጅቱ ደግሞ ከክፍሌ አንደኛ ናት!"

ሹሙ አጨበጨቡ። "እሰይ! እሰይ!" አሉ። ብቻቸውን ነበር ያጨበጨቡት።

በእጄ ሥር ትከሻዋ እንጨት ሆነ። ከበሩ ላይ አንዲት ሴት ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍን አየሁ። ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ትንሽ ልጅ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ "ቡዳ ናት እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ከአጠገቧ የነበሩት ልጆች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ወረቀቱን፣ ሠሪዋ አልታወቀችም የሚለውን፣ ትኩር ብላ ታየው ነበር። ሹሙ ወደ ብራናው ሲያልፉ እኔም ሸምበቆዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

ሰኞ ዕለት ወንበሯ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። አብራት ትቀመጥ የነበረችው የነጋዴ ልጅ ወደ ኋላ ሄዳለች፤ እናቷ ከልክላት ስታለቅስ እንዳደረች ነገረችኝ። በግቢው ያለው የውሃ በርሜል ላይ ሁሉም የሚጠጡበት አንድ ጣሳ በገመድ ታስሮ ነበር። ልጅቱ ከጠጣች በኋላ ያን ቀን ሌላ ሰው በጣሳው አልጠጣም። ማክሰኞ ልጅቱም መጠጣት ተወች።

እኔ ያደረግኩት ነገር የባሰ ሆነ። ክፍሉን ሰብስቤ፣ በዓይን መብላት የሚባል ነገር ሐሰት ነው፣ በሽታን የሚያመጣው ተሕዋስያን ነው፣ እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ። ስሟን አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝም፤ ሠላሳ ስድስት ልጅ ዘወር ብሎ እሷን ያይ ነበር። ጣሳውን አንሥቼ ከእሷ ቀጥሎ ጠጣሁ። ልጆቹ በጥንቃቄ አዩኝ፤ መቼ እንደምታመም የሚጠብቁ መሰለኝ።

ሐሙስ አልመጣችም። ቀትር ላይ ወደ ባልቴቷ ቤት ሄድኩ። ባልቴቷ ጋናቸውን በወይራ ጭስ እያጠኑ ነበር። ተነሥተው መደብ ላይ ጋቢ አነጠፉልኝ።

"ልጅቱ የለችም?"

"ሄደች። ስንቅ ቋጥሬ ሸኘኋት፤ ወደ እናቷ።"

"አባረሯት ማለት ነው?"

"አላባረርኳትም። እንደ ልጄ ነበረች። ግን የልጅ ልጄ ከእሑድ ጀምሮ ተቅማጥ ይዞት ወድቋል። እናቱ፣ ወይ እሷ ወይ እኔ ብላ ተነሣች። ጠላዬንም ከሰንበት ወዲህ የሚጠጣልኝ ጠፋ። ምን ላድርግ?"

"እማማ፣ ሁለት ዓመት አብራችሁ ኖራችኋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንን በላች?"

ባልቴቷ ጋኑን አስቀምጠው አዩኝ። አልተቆጡም። "ልጄ፣ እርስዎ ባይናገሩ እኔ አላውቅም ነበር" አሉኝ። "ባላውቅ ደግሞ አልፈራም ነበር። ለምን ተናገሩት?"

ጋቢውን አጥፌ መለስኩላቸውና ወጣሁ።

ቅዳሜ ወደ እናቷ ወረድኩ። በቅሎ ለመዋስ አፈርኩ፤ በእግሬ ሄድኩ። ወንዙን ተሻግሬ ጎጆዎቹ ዘንድ ስደርስ ልጅቱ ጓሮ ቁጭ ብላ ጭቃ ታሻለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ግራጫ ነው። ስታየኝ ተነሥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ወደ ቤት ገባች። አክብራኝ ነው የገባችው። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እናቷ በርጩማ አወጣችልኝ። ቆሎና ጠላ አቀረበች። የእነሱን ቤት እህል ሰው እንደማይቀምስ አውቃለሁና ቆሎውን በጭብጥ እየዘገንኩ መብላት ጀመርኩ፤ ጠላውንም በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

"ለእኔ ብለው አይብሉ" አለችኝ። "ከራብዎት ብቻ ይብሉ።"

እጄን ከሰፌዱ አነሣሁ። "እናቴ" አልኳት፣ "በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።" አሁን እርስዎ ማለት ችዬ ነበር።

ዓይኗ ጓሮው ላይ ነበር። "ክፉ ሰው አይደሉም" አለች። "እኔም ያጠፋሁት ይኸንኑ ነው። ደግ መሆንዎን አይቼ ዝም የሚሉ መሰለኝ።"

"መልሼ ልውሰዳት። እኔ ቤት ትደር። ከደመወዜ ከፍዬ የምትጠብቃት ሴት ልቅጠርላት።"

"አይሆንም።"

"ሕዝቡ ይረሳዋል።"

"አይረሳም ጌታዬ። እርስዎ ይረሱታል፤ እነሱ አይረሱትም።" ወደ እኔ ዞረች። "አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ደብረ ታቦር የሚያውቃት የለም። እዚያ የባሌ እኅት የቤት ሠራተኛ ሆና ትኖራለች፤ እሷንም የሚያውቃት የለም። ለዚያ ትምህርት ቤት የሚሆን ወረቀት ይጻፉልኝ። ከዚህ አገር መሆኗ አይጻፍ። እርስዎም አብረዋት አይሂዱ፤ ለማንም ሰው አይጻፉላት፣ ጎበዝ ናት ብለው አያመስግኗት። ወረቀቱን ብቻ።"

እሺ አልኩ። መሐላ ግን አልጠየቀችኝም። በዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ይህ፣ ያልተባለው፣ ነው አጥንቴ ውስጥ የገባው።

ወረቀቱን ለማግኘት ዋና አስተማሪውን ሦስት ቀን ለመንኩ። የትውልድ ቦታዋን ቀይሬ ጻፍኩ፤ በመንግሥት ማኅተም ሥር ውሸት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። ዋና አስተማሪው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህን ያደረግነው ሁለታችን ነን" አሉና ማኅተሙን መቱበት። እሳቸው ምንም አላደረጉም። ሸክሙን ሊካፈሉኝ ብለው ነው።

በዚያው ሰሞን የታሪክ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ይውል ጀመር። ልጆቹ ከእንስራዋ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቆም ፈሩ። እናቶችም መጥተው ልጃችን እንዳይገባ ይሉ ነበር። ሽማግሌውም ጋሻቸውን መልሰው ወሰዱ። ዋና አስተማሪው እንስራዋን ለጊዜው ከክፍሉ አስወጥተው ከጓሮው ግድግዳ ሥር አስቀመጧት። እኔ ለልጅቱ እናት እስክመልሳት ብዬ በሣር ሸፈንኳት። አንድ ጠዋት ስመጣ በድንጋይ ተመትታ አገኘኋት። ማን እንደ መታት አልጠየቅኩም። ክፉ ልጅ ነው እንዳልል ከመምታቱ በፊት ፈርቶ እንደ ነበረ አውቃለሁ። ስባሪውን ለቅሜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቀበርኩት።

አርብ ዕለት አርብ ገበያ ወርጄ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ አጥፋም መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ልሄድ ስነሣ፣ "እንስራዋስ? ደህና ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት" አልኳት።

"እንግዲህ እዚያው ትሁን። ልጆቹ ይዩዋት" አለች።

መልሼ እውነቱን ልነግራት ከሸክላ ተራው ጫፍ ቆሜ ነበር። አንድ ሸማች መጥቶ ድስት ሲያማርጥ አየሁና ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አርብ ገበያ አልወረድኩም። በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቄ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወርኩ። እዚያም ጥቂት ዓመት አስተማርኩ። ልጆችን ብዙ ቦታ አስጎብኝቻለሁ፤ ግን የማንንም ልጅ ትከሻ ይዤ ወደ ፊት አውጥቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ ቀዝቃዛ ሰው ነው ይሉኝ እንደ ነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

ልጅቱን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጥበቃ ደብረ ታቦር ተጠራሁ። ጠዋት ተማሪው ለባንዲራ ሲሰለፍ እኔ ከአስተማሪዎቹ ጋር በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። ከሴቶቹ ሰልፍ መካከል አየኋት። ቁመቷ ጨምሯል፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ጎረቤቷ አንድ ነገር ስታንሾካሽክላት አፏን በቀኝ እጇ ሸፍና ሳቀች። ጓደኛ አላት ማለት ነው። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ልጠራት አልፈለግኩም፤ እንዲሁ ላያት ብቻ።

ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። አርብ ገበያ እናቷ ፊት ላይ እንዳየሁት ነበር የጠፋው። ወደ ጓደኛዋ አየች፣ መልሳ ወደ እኔ አየች። ጥላቻ አልነበረም፤ ፈርታኝ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰለፈበት አፌን ከፍቼ የምናገር መስሏት ነበር።

አጠገቤ የቆመው አስተማሪ አመለካከቴን አይቶ፣ "ያቺን ልጅ ታውቃታለህ እንዴ?" አለኝ።

"አላውቃትም" አልኩት።

ራሴን አሞኛል ብዬ ለኃላፊው ነገርኩ። መዝሙሩ ሳያልቅ በጓሮው በር ወጥቼ ሄድኩ።